ከበረዶ ጠብቃቸው

እዚህ ጀርመን አገር፣ ሮደልሃይም ሰፈር፣ ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት አሮጊቷ ፍራው ሁበር የአልፕስ ተራራ መንደር ልጅ ናቸው። ባለፈው ደረጃው ላይ አገኙኝና «መንደሬ እየሞተች ነው፤ ጸልዪላት» አሉኝ። እኔ ደግሞ ጸልዪ ከተባልኩ መች እቆጠባለሁ! እዚያው እጃቸውን ይዤ በጀርመንኛ «ጌታ ሆይ፣ ማሳቸውን ከበረዶ ጠብቅላቸው!» ብዬ ጀመርኩ።

እጃቸውን መንጭቀው «ኧረ ተይ! የመንደሬ ሆቴሎች የተዘጉት እኮ በረዶ ጠፍቶ ነው። ሰው የሚመጣው በረዶው ላይ ሊንሸራተት ነበር» አሉ። ደነገጥኩ፤ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ በረዶ አምጣ ተብሎ ሲጸለይ ሰምቼ አላውቅም። ይቅርታ ልጠይቅ ስል ፈገግ አሉ። «ግድ የለም። ድሮ ድሃ ገበሬዎች ሳለን እናቴም እንዳንቺው ነበር የምትጸልየው። ይኸው አሁን ተሰማላት።»

እኔም በልማዴ «አሜን!» አልኩ። እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው፤ ለየትኛው ጸሎት ነው አሜን ያልኩት?