ግራሩ ስር የነበረው ሶፋ አዳሽ

ጋሽ ተካ ቅዳሜ ሲመጣ ሱቃቸውን ቆልፈው ከጎፋ ወደ መካኒሳ አቦ ይሄዳሉ። እዚያም ድሮ ግራሩ በነበረበት ቦታ፣ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ዳር ይቆማሉ። የሚያውቃቸው ሰው ሲያልፍ «ታክሲ እየጠበቅሁ ነው» ይሉታል። ውሸታቸውን ነው። የሚጠብቁት ደንበኛ ነው።

ጎልማሳነታቸውን የጨረሱት በዚያ ግራር ስር በነበረች ቆርቆሮ ቤት፣ በሰው ተቀጥረው ሶፋ ሲያድሱ ነው። መንገዱ ሲሰፋ ግራሩም ተነሣ፣ ቤቲቱም ፈረሰች፣ አሠሪያቸውም ሥራው በቃኝ አሉ። ጋሽ ተካ ግን መዶሻቸውን ይዘው ጎፋ ውስጥ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። የዕድሜ ልክ ምኞታቸው ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ በሩን የሚረግጥ ሰው ጠፋ። መስከረም እስኪጠባ ካልተሻለ ሱቁን ለቀው ሀዋሳ ልጃቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ ወስነዋል። ይህን ለማንም አልተነፈሱም።

አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዳቸው ቆመው ሳለ የድሮ ጎረቤታቸው የበፍቃዱ ልጅ ቤተልሄም አገኘቻቸው። ሒሳብ ተምራ የተመረቀች፣ አሁን የልጆች ልብስ እየሰፋች የምትሸጥ ልጅ ናት።

«ጋሽ ተካ፣ ደኅና ነዎት? ባለፈው ቅዳሜም እዚሁ ቆመው አይቼዎታለሁ። ታክሲው እስካሁን አልመጣም እንዴ?»

ጋሽ ተካ ሊቆጡ አሰቡና ሳቃቸው ቀደማቸው። «አንቺ ልጅ፣ ድሮም ነገር አታልፊም። ትዝ ይልሻል? ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ስፖንጁ ላይ እየዘለልሽ ታስቸግሪኝ ነበር።»

«እንቅልፍም ወስዶኝ ያውቃል። እናቴ ሰፈሩን ሁሉ ስትፈልገኝ ውላ አዲስ ሶፋ ላይ ተኝቼ አገኘችኝ።»

ያ ጊዜ ደግ ጊዜ ነበር። ወንበሩን ሊያሳድስ የመጣ ሰው ጥላው ስር ተቀምጦ ሲጫወት ይውላል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ ልጁን ለመዳር የተስማማም አይጠፋም። አድራሻ የሚጠይቅ አልነበረም። «ግራሩ ስር» ከተባለ ከብስራተ ገብርኤል የሚመጣው እንኳ አይስትም።

ጋሽ ተካ ልባቸው ራራና እውነቱን ነገሯት፤ ሀዋሳውን ሳይቀር። ቤተልሄም ደነገጠች።

«ለምን ስልክ ላይ አይወጡም? የስልኩ ካርታ ላይ ሱቅዎን እናስገባለን፣ የቴሌግራም ቻናል እንከፍታለን።»

«ልጄ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ገበያ ወጥቼ ራሴን አላሞግስም። ነውር ነው። ሥራዬን የተቀመጠበት ይናገር። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባልም ሰምቻለሁ። ደግሞ መቼ ራስዎን ያሞግሱ አልኩ? የት እንዳሉ ይናገሩ ነው ያልኩት። ይህን እስከ ዛሬ ግራሩ ይሠራልዎ ነበር። ታፔላዎ እሱ ነበር። አሁን ሰውየው አለ፣ ታፔላው የለም።»

ይህች ንግግር ጋሽ ተካን ወጋቻቸው። ግትር ሰው ግን ቶሎ እጅ አይሰጥም።

«ስልክ ላይ ያለው ሌባ ነው። ጎረቤቴ ወጋየሁ የሚያምር አልጋ በፎቶ አይቶ አዘዘ፤ የመጣለት ሲቀመጥበት የሚያለቅስ አልጋ ነው።»

«እሱ እውነትዎን ነው። ያ ሻጭ የሌላ ሰው ሥራ ፎቶ ነው የለጠፈው። እርስዎ የራስዎን እጅ ሥራ ብቻ ያወጣሉ። አሮጌው ሶፋ ሲመጣ አንድ ፎቶ፣ ታድሶ ሲወጣ አንድ። የሰው ቤት ገብተን አናነሣም፤ ባለቤቱንም እናስፈቅዳለን። ሙሉ ስምዎ፣ ስልክዎ፣ የሥራ ሰዓትዎ ይጻፋል። ሰው የሚያምነው እንዲህ ያለውን ነው።»

«አንድ ጎረምሳ ዌብሳይት ልሥራልዎ ብሎ የጠራልኝ ዋጋ የሱቁን ዕቃ ሁሉ ያስሸጣል።»

«እሱ ይቆይ። ሥራው ሲሰፋ ይደርሳል። ካርታውም ቻናሉም ነጻ ነው። የሚያስፈልገው ልጅዎ የላከልዎ ስልክና ትንሽ የኢንተርኔት ጥቅል ብቻ ነው። ስልኩን እስካሁን ለሰዓት ማያ ብቻ አይደል የያዙት?»

ጋሽ ተካ ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። አብረው ጎፋ ተመለሱ።

ቤተልሄም የስልኩን ካሜራ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለች፣ የታደሰ ወንበር ደጅ አስወጥታ በብርሃን አነሣችው። ከኋላው ተከምሮ የነበረውን ጆንያም አስነሣቻቸው፤ የተዝረከረከ ሱቅ ያየ ሰው ሥራውም ዝርክርክ ይመስለዋል አለች። ከዚያ የሱቁ ስም ካርታውና ቻናሉ ላይ ምን ይባል ብላ ጠየቀቻቸው።

«ተካ ሶፋ በያው።»

«አይሆንም፤ ተካ የሚባል ሶፋ ሠሪ ሞልቷል። ግራሩ ስር ሶፋ እድሳት እንበለው።»

ጋሽ ተካ ስሙን ለራሳቸው ደገሙትና «ዛፉ የለም እኮ ልጄ። ውሸት አይሆንብንም?» አሉ።

«ከስሙ ስር እውነቱን እንጽፋለን። ድሮ መካኒሳ አቦ ግራሩ ስር የነበረው ተካ፣ አሁን ጎፋ።»

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ አይሉም ነበር። ዋጋ ጠይቆ የሚጠፋው በዛ። ጋሽ ተካ ቢነጫነጩም ቤተልሄም እንዳስጠነቀቀቻቸው ለሁሉም በትሕትና፣ በዕለቱ መለሱ። ቅዳሜ ቅዳሜም መቆማቸውን አልተዉም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ በአንዱ ቅዳሜ ሊወጡ ቁልፉን ሲያነሡ፣ አንዲት ሚኒባስ ደጃፋቸው ቆመች። እትዬ አረጋሽ ወረዱ፤ የጥንት ደንበኛቸው ናቸው። ከኋላቸው የሟች ባላቸውን ወንበር ወዛደሮች አወረዱት። ጨርቁ ተቀዷል፣ የመቀመጫው ሞላ ወጥቷል።

«ተካ፣ የት ገባህ? ልጄ ስልኳ ላይ ግራሩ ስር ብላ ብትጽፍ አንተን አወጣችልኝ። ይህን ወንበር ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለግሁም፤ ተስፋ ቆርጬ ለቆራሊዮ ልሰጠው ነበር።»

«እኔ እኮ እትዬ፣ ትመጣላችሁ ብዬ ቅዳሜ በቅዳሜ ግራሩ ቦታ እቆም ነበር» አሉ ጋሽ ተካ።

እትዬ አረጋሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «እኔ ደግሞ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ እዚያው ቆሜ ጠብቄሃለሁ።»

ከዚያ ወዲያ እትዬ አረጋሽ ለዕድርተኛው አወሩ፣ ልጃቸው የታደሰውን ወንበር ፎቶ ለጓደኞቿ ላከች፣ ሰው መጣ። ሀዋሳ ለጥየቃ ካልሆነ ቀረ። ጥሩ ሥራ ይዞ የተደበቀ ሰው ራሱን ብቻ ሳይሆን የሚፈልገውንም ሰው ያንከራትታል፤ ያለበትን በእውነት መናገር ግን ውድም ነውርም አይደለም። ጋሽ ተካ ይህን ዛሬ ለሌላው ይመክራሉ።

ወንበሩ የመጣ ዕለት ግን ምክር አልነበራቸውም። ቁልፉን ሚስማሩ ላይ መልሰው ሰቀሉና ወንበሩን ወደ ውስጥ አስገቡት።