ቧንቧው አለ፤ ውሃውስ?

የተከበራችሁ የሟች ቤተሰቦች፤ ልጇ፣ ታናሽ እህቷ። ከቁልቁለቱ ሰፈር በእግራችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች። የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች። እናንተም ከኋላ ጥቁር መነጽር አድርጋችሁ የቆማችሁ የበላይ ኃላፊዎች። ሁላችሁም ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልን።

የመጣችሁበትን ምክንያት ግን የሁላችሁንም አላምንም።

ይቅርታ አድርጉልኝ። ይህ አመል ከእሷ የተጋባብኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አውቃታለሁ። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ታውቃላችሁ፤ መቃብር ላይ ስለቆምን ተረቱን አልጨርሰውም።

ዛሬ ጠዋት ከቢሮ ስወጣ ከሕዝብ ግንኙነት ክፍል አንድ ወረቀት ሰጡኝ። «ይህን ታነባለህ» አሉኝ። «የልማት አርበኛ» ይላል። «ለአገራችን ፈጣን እድገት የማይፋቅ አሻራዋን ያሳረፈች» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አማርኛው ያማረ ነው። ችግሩ፣ ስለማን እንደሚያወራ አላወቅኩም። ደግሞስ በሕይወት ሳለች አንድ የምስጋና ደብዳቤ ያልጻፈላት ቢሮ ዛሬ ሦስት መኪና ሙሉ ሰው ሲልክ፣ ምን ፈልጎ ነው አያስብልም? ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከትቼዋለሁ። እኔ ስለማውቃት ሴት ልንገራችሁ።

ሥራዋ ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅ ነበር። መጠይቁን ታቅፋ፣ እስክሪብቶዋን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ በር ታንኳኳለች። ስንት ናችሁ? ጣሪያው ከምን የተሠራ ነው? መብራት አለ? ልጆቹ ይማራሉ? ይህ ሰፊ አገር አደገ፣ አላደገም የሚባለው ከዚያ በር ላይ ተነሥቶ ነው። በር ላይ የተሳሳተ፣ ላይ ቤት ሲደርስ ሕግ ይሆናል።

ሌሎቹ ጠያቂዎች «አዎ» ሲባሉ ምልክት አድርገው ይሄዳሉ። ፀሐይ አለ፤ ገና ሠላሳ ቤት ይቀራል። እሷ ግን «እስቲ ልየው» ትላለች። መብራት አለን ሲሏት፣ «እስቲ ልየው።» ልጃችን ይማራል ሲሏት፣ «እስቲ ደብተሩን ልየው።» እንዲህ እንዲህ ስትል ስሟ እሱ ሆኖ ቀረ። እስቲ ልየው። መታወቂያዋ ላይ ያለውን ስም ቢሮ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስለኝም።

አንድ ቀን ጓደኛዋ ታማባት እኔን ይዛኝ ወጣች። እኔ የቢሮ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ የተሞላውን ቅጽ ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ነው። የሄድነው አጥሩ ከቤቱ ወደሚበልጥበት ሰፈር ነበር። አንዲት እመቤት ሳሎን አስገቡን። «አራት ነን» አሉ። «እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን።» ይህን ሲሉ አንዲት ቀጭን ልጅ በትሪ ውሃ ይዛልን ገባች።

«ይቺስ?» አለች እስቲ ልየው።

«እሷማ ሠራተኛ ናት።»

«የምታድረው የት ነው?»

«እዚሁ። ጓሮ።»

«እንግዲያው አምስት ናችሁ።»

እመቤቲቱ ሳቁ። «ውይ! እሷን ደግሞ ከእኛ ጋር ምን ያስቆጥራታል?»

«እኔ ብሆን እረሳት ይሆናል፣ እመቤቴ። መጠይቁ ነው እንቢ የሚለው። እስቲ ክፍሏን ልየው።»

ሄድን። የቀለም ጣሳ፣ አሮጌ ጎማ፣ ጄኔሬተር። በነሱ መሃል አንድ ፍራሽ። የበሩን መቀርቀሪያ አየሁት። በውጭ በኩል ነበር።

እስቲ ልየው መቀርቀሪያውን አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አንቀሳቀሰችው። ልጅቷን «ዕድሜሽ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ እመቤቷን አየች። «የኔ ልጅ፣ እሳቸውን አትዪ። እኔን እዪኝ» አለቻት። ልጅቷ «እንጃ» አለች። «እንጃ» ተብሎ ተጻፈ። ያኔውኑ ከግቢው ሳንርቅ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ደወለች፤ በሳምንቱ ተመልሳ ሄዳ መቀርቀሪያው መነሣቱን በዓይኗ አየች። ልጅቷ ግን እዚያው ነበረች። ያ ብስጭት እስከ መጨረሻው አልለቀቃትም።

ስንመለስ «አየህ አንተዬ?» አለችኝ። «ይህ ቤት ድህነት የሌለበት ቤት ተብሎ ሊመዘገብ ነበር።»

አሁን ወደ ቁልቁለቱ ሰፈር ልሂድ። የሰፈሩ ሰዎች፣ ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ግን አታውቁም። ታገሡኝ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። የምርጫ ዓመት። በየመንገዱ ቱቦ ተቀበረ፤ በየቅያሱ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ቧንቧ ተተከለ። ሪባን ተቆረጠ። የዚያን ዕለት ውሃው ፏ ብሎ ወረደ፤ ሰው አለቀሰ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ቆመ። ለምን ቆመ? «ይስተካከላል» ተባለ። የማይስተካከል ነገር ሁሉ ስሙ «ይስተካከላል» አይደል?

እስቲ ልየው መጠይቋን ይዛ የደረሰችው ከዚህ በኋላ ነው። ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት እንዲህ ይላል፤ «በአቅራቢያችሁ ቧንቧ አለ?» ሰዉ «አዎ አለ» አላት። «እስቲ ልየው» አለች። ከፈተችው። ቧንቧው እንደ ሽማግሌ ሳለ፤ ሸረሪት ተፋ። ቅጹ «አዎ» ወይም «የለም» ብቻ ነው የሚቀበለው። ቧንቧው ደግሞ አለ። «አዎ» ላይ ምልክት አደረገችና ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈች፤ «ቧንቧው አለ፤ ውሃ የለውም።» በሁለት መቶ አሥራ አራት ቅጽ ላይ ይህንኑ ጻፈች። አንዱንም በግምት አልጻፈችም። በየቤቱ አቅራቢያ ያለውን ቧንቧ በእጇ ከፍታ አይታለች።

ቅጾቹ ቢሮ መጡ። ማን ጠረጴዛ ላይ መጡ?

እኔ ጠረጴዛ ላይ።



ቀዩን ጽሑፍ አየሁት። ላለማየት ዕውር መሆን ይጠይቃል። አለቃዬ ዘንድ ሄጄ «ኅዳጉ ላይ ያለውስ?» አልኩት። «ማሽኑ ኅዳግ አያነብም» አለኝ። «ታዲያ ምን ላድርግ?» «አዎ አይልም እንዴ? አዎ ከሆነ አንድ ቁጥርን ተጫን።» ተመልሼ ተቀመጥኩ። ተጫንኩ። አንድ። አንድ። አንድ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት፤ በሰዓቴ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ሪፖርቱ ወጣ። «ከመቶ ዘጠና አንዱ የቧንቧ ተጠቃሚ ሆነ።» አደባባዩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ አንዲት ሕፃን ከቧንቧ ስትጠጣ። እስቲ ልየው በታክሲ ባለፍን ቁጥር ትጠይቀኝ ነበር፤ «ይህን ፎቶ የት ነው ያነሡት?»

ቀጥሎ ምን ሆነ? በሳምንት ሁለቴ ለቁልቁለቱ ሰፈር ውሃ ይዞ ይመጣ የነበረው ቦቴ ቀረ። ቧንቧ ላለው ሰፈር ቦቴ ምን ይሠራል? ቁጥሩ ነዋ። ከቁጥር ጋር ማን ይከራከራል? ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ ከቆዳ ፋብሪካው በታች ወዳለው ወንዝ ወረደ። ልጆች ታመሙ። ብዙዎቹ ዳኑ።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ አልዳነችም። ሦስት ዓመቷ ነበር።

የሰፈሩ ሴቶች የጠረጠሩት ማንን ነው? እስቲ ልየውን። በር እየዞረች የጻፈችው እሷ ናታ። በሚቀጥለው ጊዜ ስትሄድ ባዶ ጀሪካን እየወረወሩ አባረሯት። «ሸጥሽን!» አሏት። ግንባሯ አብጦ ቢሮ ገባች። ክፍላችን መሃል ቆመችና «ማን ነው ያስገባው?» አለች። አምስት ሰው ነበርን። አምስታችንም ዝም አልን። አራቱ ስለማያውቁ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ምርጫው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው የሕዝብ ተወካዩ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሰበሰቡ። ጋዜጠኞች ሞልተዋል። ተወካዩ «ከመቶ ዘጠና አንድ!» አሉ። ተጨበጨበ። እሷ ከኋላ እጇን አወጣች።

«ክቡር ተወካይ፣ እስቲ ልየው።»

ሰዉ ሳቀ። «ምኑን?» አሉ።

«ውሃውን። መኪናዎ ደጅ ቆሟል። መንገዱ ሃያ ደቂቃ ነው። አብረን እንሂድ።»

እንቢ ይሉ ነበር። ካሜራ ባይኖር፣ አሥራ ሁለት ቀን ባይቀር፣ እንቢ ይሉ ነበር። ሄዱ። በዚያ ንጹሕ ጫማ ጭቃውን ረግጠው የመጀመሪያውን ቧንቧ ከፈቱ። የለም። ሁለተኛውን። የለም። ሦስተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ያውና እዚያ ቆመዋል፣ «ክቡርነትዎ፣ ቀስ አድርገው ይያዙልን። አዲስ ነው፤ ተጠቅመንበት አናውቅም» አሏቸው።

በሦስተኛው ቀን ቦቴው ተመለሰ። በዓመት ተመንፈቁ ቱቦው ከዋናው መስመር ጋር ተገናኘ። ለካ አልተገናኘም ነበር! ሪባን የተቆረጠ ዕለት የወረደው ውሃ በቦቴ መጥቶ ሰፈሩ አናት ላይ ያለ ጋን ውስጥ የተሞላ ነበር። ተወካዩም ገና ያኔ፣ በቦቴው ውሃ ብቻ ምርጫውን አሸነፉ። «ውሃ ያመጣሁ እኔ ነኝ» ብለው።

እሷን ምን አደረጓት? ወደ መዝገብ ቤት አዛወሯት። መስኮት የሌለው ምድር ቤት። «እድገት ሰጡኝ» ትል ነበር፤ «ወደ ታች።» ጡረታ እስክትወጣ ሰባት ዓመት እዚያ ቆየች። መጠይቁ በአዲስ ሲታተም ግን ከጥያቄ አሥራ አራት ሥር አንዲት መስመር ተጨመረች፤ «ባለፈው ሳምንት ውሃ ነበረው?» ማን እንዳስጨመራት የትም አልተጻፈም። እናንተ ግን ዛሬ ሰማችሁ።

አገር አላደገም አላለችም። አልዋሽላትም፤ አድጓል። እኔ ራሴ አባቴ ያላየውን አይቻለሁ። እሷ የምትለው፣ ማን በር ድረስ መጣ? ማንን ዘልሎ አለፈ? ዛሬ ቁልቁለቱ ሰፈር በሳምንት ሦስት ቀን ውሃ አለ። እላይ ሰፈር ሰባቱንም ቀን አለ። በሪፖርቱ ሁለቱም «አዎ» ናቸው።

ባለፈው ወር ሆስፒታል ጠየቅኳት። ሐኪሙ ገብቶ «ደህና ነዎት እናቴ፣ አይዞዎት» አላት። «ደህና ከሆንኩ ድምፅህን ለምን ዝቅ አደረግክ? እስቲ ውጤቱን ልየው» አለችው። ሰጣት። ቋንቋው አይገባትም፤ ግን መስመር በመስመር አየችው። «ይቺ ምን ማለት ናት?» «ተሰራጭቷል ማለት ነው።» እጁን መታ መታ አደረገችው። «እንዲህ በለኝ እንጂ፣ የኔ ልጅ።»

እሱ ሲወጣ አላስቻለኝም። «እትዬ፣ የቁልቁለቱን ሰፈር ቅጽ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

ዞራም አላየችኝ። «በየቅጹ ግርጌ ፊርማህ አለ። ምድር ቤት በገባሁ በሳምንቱ ነው ያገኘኋቸው።»

«ታውቂ ነበር?»

«ሰባት ዓመት ምሳ አብረን በላን። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም? ጠያቂ አይደለሽ?»

«ብጠይቅህ አዎ ትለኛለህ» አለችኝ። «እኔ ደግሞ አዎ ሲሉኝ አላምንም።» ቀጥላም፣ «ለእኔ መናገሩ ቀላሉ ነው። ለእነሱ ንገራቸው» አለች።

እየነገርኳችሁ ነው። ጀሪካን የወረወራችሁባት እናቶች፣ የሸጣችሁ እሷ አልነበረችም። እኔ ነኝ።

እህቴ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ እርስዎን ነው። ከዚያ ዛፍ ሥር ቆመው አይዎታለሁ። ለዓመታት ለራሴ «ልጅቷ በሌላ በሽታ ይሆናል የሞተችው፤ ሐኪም ተቅማጥ ብሎ እንጂ ውሃ ብሎ አልጻፈም፤ የእኔ ጣት የት አለበት?» እል ነበር። ዛሬ ይህን አሳቤንም አላምነውም። ይቅር ይበሉኝ ለማለት አልቆምኩም፤ ይቅር ቢሉኝም ባይሉኝም መብትዎ ነው። የማን ጣት እንደነበር እንዲያውቁት ብቻ ነው። ኃላፊዎች፣ እናንተም ሰምታችኋል። ሰኞ ብትጠሩኝ ቢሮዬ ነኝ።

እትዬ፣ ነገርኳቸው።

አሁን ልሸኝሽ። ሰው ሲሸኝ «አፈሩ ገለባ ይሁንልሽ» ይባላል። እኔም ልልሽ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን «አፈር መቼ ገለባ ሆኖ ያውቃል?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። እሺ። አልዋሽሽም። አፈሩ አፈር ነው። ከባድ ነው። ለእኛም ከብዶናል።

ደህና ሁኚ።