ለማንም አትንገሪ

የዚካ ወሬ በየቴሌቪዥኑ በነበረበት ሰመር ነው። ከላንግሊ ፓርክ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚሄደው ባስ፣ ከኋላዬ አንዲት ወጣትና አንዲት ትልቅ ሴት ያወራሉ።

«ልጄ፣ ክንድሽ ላይ ያለው ፋሻ ምንድን ነው?»

«ደም ወስደውልኝ ነው፣ እማማ። ነፍሰ ጡር ነኝ። ዚካ ይዞኝ እንደሆነ ሊያዩ ነው።»

«እዚህ አገር ከየት ይይዝሻል?»

«ከቸርች ሰዎች ጋር ለአገልግሎት ሄይቲ ሄጄ ቢንቢ በላኝ።»

«ማርገዝሽን እያወቅሽ?»

«አዎ። ፓስተራችን እርጉዝ የሆናችሁ ቅሩ ብለው ነበር። ግን ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላኝ እንዴት ልናገር? ዝም አልኩ።»

«አይነገርማ።»

«ዚካ የፅንስ ጭንቅላት ያሳንሳል ብለው፣ አሁን የልጁን ጭንቅላት በአልትራሳውንድ እየለኩ ይከታተሉኛል።»



«የኔም ልጅ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሁለት ወሯ ነው። ለማንም አትንገሪ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«የትም አትሂድ እንጂ።»

«ቅዳሜ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ጃማይካ ትሄዳለች።»

«እዚያም ዚካ አለ እኮ! ሐኪሟስ ያውቃል?»

«እንጃ።»

«እማማ፣ አሁኑኑ ኮል ያድርጓት።»

ስልኩ ደጋግሞ ሲጠራ እየሰማሁ፣ እኔም በልቤ አንሺው፣ አንሺው እላለሁ።