የእንገሩ እንግዳ

ዶክተር እስከዳር ጉንደ ወይን ላይ የጥጆች ደም ስትቀዳ ውላ ስትመለስ፣ ዲማ መገንጠያ ላይ የመኪናዋ ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ ከጎማው ጋር ሲታገል፣ እሷ ጥላ ፍለጋ ወደ አንዲት ዋንዛ ጠጋ ብትል ቀድመዋት የተቀመጡ ባለ ጥምጥም ሽማግሌ አገኘች። የቅኔ መምህሩ የኔታ ወልደ ሚካኤል ነበሩ። እስከዳር ከወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቅኔ ቤቱ ለሴት ልጅ አልተከፈተም ነበርና፣ እስከዳር ያደገችው ከግድግዳው ጀርባ ቁጢጥ ብላ፣ በጭቃው ቀዳዳ ጆሮዋን ሰክታ፣ የየኔታን ቃል ስትለቅም ነው። ኋላ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ደግሞ የከብት አካል በሽታን እንዴት እንደሚመክት የሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ገባች። ስንት አዳራሽ አጨበጨበላት። ልቧ ግን ከዚያ ግድግዳ ሥር አልተነሣም፤ የኔታ አንድ ቀን "ተማሪዬ" እንዲሏት ትመኝ ነበር።

"የማን ልጅ ነሽ?" አሉ የኔታ።

"የእንዳላማው ልጅ ነኝ፣ እስከዳር።"

"ያች የከብት ደም የምትቀዳዋ? ደሙን ምን ታደርጊዋለሽ?"

"ፀረ እንግዳ አካል እፈልግበታለሁ፣ የኔታ።"

የተማረ ሰው ክፉ አመሉ ይህ ነው፤ ከመጽሐፍ የተገለበጠ ቃል መንገድ ላይ ይዘረግፋል። የኔታ ደግሞ ቃል ወድቆ እያዩ የሚያልፉ ሰው አይደሉም።

"ፀረ እንግዳ? አብርሃም ሥላሴን ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ሲያገኝ ፀረ እንግዳ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? ነይ ተነሺ። እንግዳ እንዴት እንደሚስተናገድ ከቤቴ ታያለሽ። ዳልቻዋ ላሜ ዛሬ ረፋድ ላይ ወልዳለች።"

ቤታቸው ቁልቁል እልፍ ሲል ነበር። ባለቤታቸው እትየ ጤናዬ የላሚቱን እንገር፣ ያን ወፍራም የመጀመሪያ ወተት፣ አፍልተው በጣባ አቀረቡላት። እስከዳር ጣባውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ስትመኘው የኖረችው ቤት ውስጥ ገብታለች፤ የየኔታ እንግዳ ሆናለች። ዓይኗ ግን ማዶ፣ ጥግ ላይ ታስሮ የሚንቀጠቀጠውን ጥጃ አየ።

"ጠብቷል?"

"ነገ ይጠባል" አሉ እትየ ጤናዬ። "እንገር ጥጃ ያስቀምጣል። የዛሬው የእንግዳ ነው።"

"ከዚህ በፊት የተወለዱትስ?"

"አልተረፉልንም። ዓይን በላቸው።"

እስከዳር ጣባውን መልሳ አስቀመጠች። ያን ጊዜ እጇ ውስጥ የነበረው የዕድሜ ልክ ምኞቷ እንደ ነበር ከእሷ በቀር ማንም አላወቀም።

"የኔታ፣ ይህ የኔ ሳይሆን የጥጃው ድርሻ ነው።"

"አበጀሽ" አሉ የኔታ ፊታቸውን አዙረው። "እውነትም ፀረ እንግዳ ነሽ።"

"ይቆጡኝ፣ ግን ይስሙኝ። ስሙን ክፉ አወጣንለት እንጂ ነገሩ ክፉ አይደለም። በላሚቱ ደም ውስጥ በር ጠባቂዎች አሉ። አንድ ጊዜ የገባ በሽታ መልኩ አይጠፋቸውም፤ ዳግመኛ ሲመጣ ይዋጉታል። ጠባቸው ከሌባው እንጂ ከእንግዳው አይደለም።"

"ጥጃው ታዲያ የራሱ የለውም?"

"ባዶውን ነው የሚወለደው። የሰው ልጅ በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ይቀበላል፤ ላም ግን ያን አትችልም፤ ለጥጃዋ የምታቆየው በእንገሩ ነው። አንጀቱም የሚቀበለው ዛሬ ነው፤ ነገ በሩን ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ቢጠጣው ምግብ እንጂ ጠባቂ አይሆነውም። ሥራዬ ይኸው ነው፣ የኔታ። እንገር የጠቡት ጥጆች ደም ጠባቂ ሞልቶት አገኘዋለሁ። ያልጠቡት ግን ባዶ ነው፤ ተመልሼ ስመጣም ብዙዎቹን አላገኛቸውም።"

"እናቴም አያቴም እንገር ሲያፈሉ ኖረዋል" አሉ እትየ ጤናዬ። "ከብት ከአገር አልጠፋም።"

"የምታስታውሱት የተረፈውን ነዋ፣ እትየ። የሞተውን ለዓይን ሰጣችሁት።"

"ያስቀምጠዋል የሚሉትስ?" አሉ የኔታ።

"ጥቂት ቢያላላው አይገድለውም። የሚገድለው ሳይጠባ ቀርቶ የሚይዘው ተቅማጥ ነው።"

የኔታ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኙ። ቅኔ ሲቆጥሩ እንዲሁ ነበሩ፤ እስከዳር በቀዳዳው አይታቸዋለች።

"አብርሃም ጥጃውን ያረደው ለሥላሴ ነው" አሉ በመጨረሻ። "እኛ ግን እንግዳ አከበርን ስንል ለሞት ስናርድለት ኖረናል። ጤናዬ፣ ጥጃውን ፍቺው።"

እትየ ጤናዬ እያጉረመረሙ ፈትተው ጓሮ ወደ ታሰረችው እናቱ ለቀቁት። ጥጃው ተንገዳግዶ ጡቱን አገኘ፤ ጅራቱ ተወዛወዘ።

"እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እነግራለሁ" አሉ የኔታ። "እንገር የጠባ ወይፈን ለቀንበር ይደርሳል፤ ጊደሯም ትታለባለች። የእንግዳም ወተት የሚበረክት ያን ጊዜ ነው። ስሙን ግን ዐቃቤ ኆኅት ብትሉት ምን ነበረ? በር ጠባቂ ማለት አይደለም?"

"ያወጡት ሰዎች የቅኔ መምህር አልጠየቁማ።"

"አንቺስ? ከኔ ሰምተሽው የለም?"

እስከዳር ደነገጠች። "ከየት ሰምቼ፣ የኔታ?"

"ልጆቹ ብርድ ገደለን፣ ያን ቀዳዳ እንምረገው እያሉ ሲነዘንዙኝ፣ ተዉት ያልኳቸው ለማን መስሎሻል?"

እስከዳር አንገቷን ደፋች። ከጓሮ ጥጃው ሲጠባ ይሰማ ነበር። የኔታ ጣባውን አንሥተው እጇ ላይ መልሰው አኖሩላት።

"እሱ ድርሻውን አግኝቷል፤ የፈላው አይደፋም፤ ብዪ" አሏትና ወደ ጓዳ ዞሩ። "ጤናዬ፣ ለተማሪዬ ጨው አምጪላት።"