የቢሻው ግሮሰሪ

በአንዲት የወረዳ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ የመጠጥ ፈቃዱ እንዳይታደስ የተከለከለው ባለግሮሰሪ አቶ ቢሻው እንደገና አመልክቶ፣ በፈቃድ ሰጪዋ በወጣት ምንትዋብ ጠረጴዛ ፊት ቆሟል።

ቢሻው፦ አዞርኩት እኮ ነው የምልሽ። የፊቱን በር በብሎኬት ደፈንኩት። አሁን ደግሞ ምን ጎደለ?

ምንትዋብ፦ በሩን ያዙሩ አላልኩም። ግሮሰሪው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ተጣብቋል ነው ያልኩት። አዲሱ በር በየት በኩል ነው?

ቢሻው፦ በጓሮ። ወደ መንገድ ይወጣል።

ምንትዋብ፦ የትኛው መንገድ?

ቢሻው፦ ተማሪዎቹ የሚመላለሱበት ነዋ። መንገድ የመንግሥት ነው፤ እኔ አልጠረግሁት።

ምንትዋብ፦ ከድጡ ወደ ማጡ ገቡ ማለት ነው።

ቢሻው፦ ስሚ አንቺ ልጅ። እኔ ያንን ቤት ስከፍት አንቺ አንቀልባ ላይ ነበርሽ። ከአንቺ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁሉ እኔ ቤት ቢራ ጠጥተዋል።

ምንትዋብ፦ ለዚህ ይሆናላ አጥሩ ያልታያቸው።

ቢሻው፦ አፍሽ ሹል ነው። ለመሆኑ ‘ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል’ ሲባል አልሰማሽም?

ምንትዋብ፦ ሰምቻለሁ። የተረቱት ሲበሉ የኖሩት ናቸው።

ቢሻው፦ እሺ፣ አስተናጋጆቼንስ ማን ያብላቸው? ሁሉም ልጆች ያሳድጋሉ። አንቺ ትቀልቢያቸዋለሽ?

ምንትዋብ፦ ምግብ ቤት ያድርጉት። የምግብ ቤት ፈቃድ ዛሬውኑ እሰጥዎታለሁ።

ቢሻው፦ ሽሮ ሽጥ ነው የምትይኝ? እኔ ቢሻው? ሚኒስትር ያስተናገድኩ ሰው የተማሪ ሽሮ ላማስል?

ምንትዋብ፦ ሽሮ ማንንም አላሰከረም።

ቢሻው፦ ገባኝ። ይሄ ሁሉ የዚያ የርእሰ መምህሩ ሥራ ነው። ደመወዙ አንድ ጠርሙስ አይገዛለት፤ የሚጠጣውን ሲያይ ሆዱ ይቆስላል። እሱ ነው አይደል የከሰሰኝ?

ምንትዋብ፦ እሳቸው አይደሉም። ባለፈው ዓመት ደጅዎ ላይ አንዲት ተማሪ ተይዛ ነበር። ሰካራም ክንዷን ይዞ ወደ ውስጥ ሲጎትታት።

ቢሻው፦ እሱን ነው? ኮረዳ በመጠጥ ቤት ደጅ እየተውረገረገች ስታልፍ እጅ ቢያርፍባት ምን ይገርማል። ደንበኛዬ ነው፤ ሞቅ ብሎት ነበር። ስቀን አለፍን።

ምንትዋብ፦ እርስዎም እዚያው ነበሩ?

ቢሻው፦ ባንኮኒው ላይ።

ምንትዋብ፦ አልጮኸችም?

ቢሻው፦ ጮኸች እንጂ። ሙዚቃውን ከፍ አደረግሁት። ለእያንዳንዷ ጩኸት ብወጣ ማን ይቀዳል?

ምንትዋብ፦ ማን እንደሆነች ግን አላዩም።

ቢሻው፦ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ዩኒፎርም እንደሆነ የሁሉም አንድ ነው። የማንም ልጅ ትሁን፣ ምን አገባኝ?

ምንትዋብ፦ እንዳልነግርዎት ቃል አስገብተውኝ ነበር። አሁን ግን ‘ስቀን አለፍን’ ሲሉ ሰማሁና መቻል አቃተኝ። ብርቄ ናት።

ቢሻው፦ የቷ ብርቄ?

ምንትዋብ፦ የእርስዎዋ። ጫማዋን ጥላ ነው ያመለጠችው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት የምትሄደው በወንዙ በኩል ዞራ ነው።

ቢሻው፦ ውሸት ነው። የእኔ ልጅ ብትሆን ትነግረኝ ነበር።

ምንትዋብ፦ ከሳሹም ሌላ ሰው አይደለም፤ ባለቤትዎ ናቸው፣ ወይዘሮ እንግዳዬ። እዚሁ መጥተው ተቀምጠው አለቀሱ።

ቢሻው፦ እንግዳዬ? የእኔ ቤት ሴት? ታዲያ ለእኔ አፍ የላትም?

ምንትዋብ፦ ሊነግሩዎት ነበር። ልጅቷ ናት የከለከለቻቸው።

ቢሻው፦ ለምን?

ምንትዋብ፦ ‘ለአባትሽ ልንገረው’ ቢሏት፣ ‘አባዬማ ሰምቶኛል፤ ስሙን ነበር እየጠራሁ የምጮኸው’ አለቻቸው።

ቢሻው፦ ሙዚቃውን… እኔ ነኝ ከፍ ያደረግሁት።

ምንትዋብ፦ ይቀመጡ፣ አቶ ቢሻው። ውሃ ላምጣልዎት?

ቢሻው፦ አይ… ማመልከቻዬን ይመልሱልኝ፣ እመቤቴ።