ብራውዘሩን ማን እንደከፈተው የተሰጠ የእርማት ቃል

ቃል ሰጪ፦ መነጽር ሠሪው (ሙሉ ስሙ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል)
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ በመነጽር ቤት ሌንስ ሞራጅ
የጋብቻ ሁኔታ፦ ያገባ
አድራሻ፦ ከዳቦ መጋገሪያው ፊት ለፊት ያለው ሕንጻ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቀንና ሰዓት፦ ዓርብ መጋቢት 12 ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20
ምክንያት፦ ሐሙስ መጋቢት 11 ቀን የሰጠውን ቃል ለማረም

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ቃል ሰጪ ዛሬ ወደ ጣቢያው የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ ነው። ትናንት ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ በዚሁ ክፍል ቀርቤ፣ ሰፈሩ ማግኔት ብሎ የሚጠራው ኮምፒውተር ጠጋኝ በባለቤቴ ኮምፒውተር ላይ የስለላ ፕሮግራም ጭኖ የምትሠራውን ሁሉ ሲመለከት ከርሟል ብዬ ከስሼ ፈርሜአለሁ። ክሱ ሐሰት ነው። ፕሮግራሙን የጫንኩት እኔ ነኝ። ሰውየው በእኔ ቃል ምክንያት ከትናንት ጀምሮ ታስሮ ስለሚገኝ፣ ነገሩን ከመነሻው እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

ባለቤቴ የሰው የእጅ ጽሑፍ በኮምፒውተር እየተየበችና እያረመች የምትተዳደር ሴት ናት። የምትሠራው እቤት፣ ሳሎን መስኮት ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች የሕይወት ታሪካቸውን ይዘውላት ይመጣሉ። እኔ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት መነጽር ቤት ሌንስ ስሞርድ እውላለሁ። በትዳር በቆየንበት አሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ባለቤቴ ለጥርጣሬ የሚያበቃ ነገር አሳይታኝ አታውቅም። እኔ ግን ከድሮም ቀናተኛ ነኝ። ከሰው ጋር ስትስቅ ሳቋ ስንት ጊዜ እንደቆየ ልብ እላለሁ። ይህን ጠባዬን እሷም ታውቃለች፤ ሁለታችንም እንደ ቆየ በሽታ ለምደነው እንኖር ነበር።

ጥር ወር መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ለምሳ ሳልነግራት ብቅ ስል፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ብቻዋን ስትስቅ አገኘኋት። ምን እንዳሳቃት ብጠይቃት አንድ ተማሪ የጻፈው ዓረፍተ ነገር መሆኑን ነግራኝ አነበበችልኝ። እኔን አላሳቀኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ በሌለሁበት ስክሪኑ ላይ ምን እንዳለ የማወቅ ፍላጎት ሥራ አላሠራኝ አለ። አንድ ደንበኛችን የቀኝ ሌንሱ በግራ ተገጥሞለት ሁለት ቀን ራሱን ሲያመው ሰንብቶ ተመልሶ መጣ። እንዲህ ያለ ስሕተት በሃያ ዓመት ሥራዬ አልሠራሁም ነበር።

በመሥሪያ ቤቴ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ፣ የትዳር ጓደኛን ኮምፒውተር በስውር ለመከታተል ያስችላል የተባለ፣ በነጻ የሚሰጥ ፕሮግራም አገኘሁ። በፍላሽ ይዤው እቤት ገባሁ። የካቲት 9 ቀን እሑድ ጠዋት ባለቤቴ እህቷ ዘንድ በሄደችበት ሰዓት ጫንኩት። ሲጭን ብዙ ነገር እየጠየቀኝ ነበር፤ ምንም ሳላነብ ሁሉንም እሺ እሺ ብዬ አለፍኩት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ፕሮግራሙ በየአምስት ደቂቃው የስክሪኗን ፎቶ እያነሣ ወደ ኢሜይሌ ይልክልኝ ጀመር። እኔም በሌንስና በሌንስ መሐል ከፍቼ አያለሁ። ያየሁት ስለ አፈር መሸርሸር የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቃላት እርማት፣ አልፎ አልፎም የአየር ሁኔታ ነው።

በማግስቱ ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ግን ሌላ ነገር መጣ። ባለቤቴ በምትተይበው ጽሑፍ ላይ ኢንተርኔት የሚታይበት ብራውዘር ተከፍቶ፣ የሚስቅ ወንድ ፎቶና “አንድ ሰው እየጠበቀዎት ነው” የሚል ጽሑፍ ይታያል። ማክሰኞም በዚያው ሰዓት መጣ። ረቡዕም። ብራውዘሩ በራሱ እንደሚከፈት አላወቅኩም ነበርና፣ እሷ የምትከፍተው መሰለኝ። የማስታወቂያ ፎቶ መሆኑ እየታየኝ በዚያ ሰውዬ ቀናሁ። ጥርሱ ይታወሰኛል።

ባለቤቴ በበኩሏ ኮምፒውተሩ እያስቸገራት መሆኑን ነገረችኝ። ብራውዘሩ ሳታዝዘው ይከፈታል፣ ስትዘጋው ተመልሶ ይመጣል፣ የምትተይበውም እዚያ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ አርጅቷል ብዬ መለስኩላት። የካቲት 15 ቀን ቅዳሜ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ የሕይወት ታሪካቸውን ሊያስጽፉ መጥተው፣ አጠገቧ ተቀምጠው ከደብተራቸው እያነበቡላት ሳለ 4 ሰዓት ሆነና ብራውዘሩ ተከፈተ። በዚያን ቀን የመጣው እርቃኗን የቀረች ሴት ነበረች። የዳኛውን መነጽር የሠራሁላቸው እኔ ስለሆንኩ አጥርተው እንዳዩት አልጠራጠርም። አራቱን ደብተሮቻቸውን ሰብስበው፣ “ደህና ዋይ ልጄ” ብለዋት ወጡ፤ አልተመለሱም። ባለቤቴ ያንን ስትነግረኝ አለቀሰች። ዳኛውን እንደ አባቷ ታከብራቸው ነበር። ነገሩ የጀመረው እኔ ፕሮግራሙን በጫንኩ ማግስት መሆኑ ያን ዕለት ትዝ ብሎኛል።

ሰኞ የካቲት 17 ቀን በእህቷ ጥቆማ ማግኔት ለመጀመሪያ ጊዜ እቤታችን መጣ። ዕድሜው ወደ ሠላሳ ስምንት ይሆናል። ማግኔት ያሉት የፈታቸውን ብሎኖች የሚይዝለት ማግኔት ያለበት አምባር ግራ እጁ ላይ ስለሚያስር ነው። እኔ ግን ስሙን ገና ስሰማው አልወደድኩትም። በዚያን ቀን ብራውዘሩን ጸጥ አድርጎት ሄደ፤ በማግስቱ ተመልሶ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ በደረሰኝ ፎቶ ላይ ባለቤቴ የላከችለትን መልእክት አነበብኩ። “እንደገና ተከፈተ። መምጣት ትችላለህ?” ይላል። እሱም “ሰኞ እመጣለሁ እህቴ” ብሏል። እነዚህን ሁለት መስመሮች ሃያ ጊዜ ያህል አንብቤአለሁ። እህቴ የሚለው ቃል ከእህትነት ውጭ ምን ሊሆን እንደሚችል ሳሰላስል ዋልኩ።

የካቲት 24 ቀን ሰኞ ራሴን አሞኛል ብዬ ከሥራ አስፈቅጄ እቤት ስገባ፣ ሁለቱ ጠረጴዛው ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እሱ የተቀመጠው እኔ ራት የምበላበት ወንበር ላይ ነው። ባለቤቴ ደብተር ይዛ የሚላትን ትጽፋለች። ተነሥቶ ሰላም አለኝና ለእኔም ያስረዳኝ ጀመር። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረውት የሚነሡ ፕሮግራሞች ዝርዝር እንዳለ፣ ብራውዘሩን ከዚያ ዝርዝር እንዳወጣው፣ በየቀኑ 4 ሰዓት ላይ እንዲከፈት የሚያዝ የቀጠሮ ትእዛዝም አግኝቶ እንደሰረዘው፣ ብራውዘሩ ላይ የተለጠፉ ትርፍ ነገሮችንም አንድ በአንድ እንዳጠፋ ነገረኝ።

“ችግሩ ግን ጋሼ፣ እኔ ያወጣሁትን፣ አንድ ነገር ከውስጥ ሆኖ ይመልሰዋል” አለ። “እሱ እስካልተገኘ ድረስ ብንዘጋው ብንዘጋው ዋጋ የለውም።”

ነገሩን ልለውጥ ብዬ አግብተሃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አላገባሁም አለና ሥራውን ቀጠለ። ያን ዕለት ራት ላይ ባለቤቴ፣ ማግኔት ሲያስረዳ ሰውን እንደማያስጨንቅ፣ ያልገባትን ሦስት ጊዜ ብትጠይቀው ፊቱ እንደማይለወጥ ነገረችኝ። እኔ አንድ ነገር ሁለቴ ስጠየቅ እንደምቆጣ አውቃለሁና፣ የሰደበችኝ ያህል ተሰማኝ። ፕሮግራሙን በዚያ ሳምንት ማጥፋት እችል ነበር። ያላጠፋሁት ስለ እሱ የምትጽፈው እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። ብራውዘሩ በተከፈተ ቁጥር እሱ ይጠራል፤ እሱ በተጠራ ቁጥር እኔ ይብስብኛል። ይህ ሁሉ በገዛ እጄ መሆኑን እያወቅኩ አላቆምኩም።

መጋቢት 8 ቀን ሰኞ ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ፣ ተረጋግቶ ሊመረምረው ኮምፒውተሩን ወደ ሱቁ ወሰደው። የወሰደው በባለቤቴ ፈቃድ ነው። ትናንት በጉልበት ወሰደ ያልኩት ትክክል አይደለም።

ረቡዕ መጋቢት 10 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ማግኔት መነጽር ቤት መጣ። አንዲት ሴትዮ ፍሬም እየለካች ስለነበር እስክትወጣ ድረስ በሩ አጠገብ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚከተለውን ነገረኝ። ብራውዘሩን የሚከፍተው ከአንድ የስለላ ፕሮግራም ጋር አብሮ የገባ ማስታወቂያ አምጪ ነው፤ ፕሮግራሙን በነጻ የሚሰጡት ሰዎች ይህንንም አብረው ይልካሉ፤ የተጫነው የካቲት 9 ቀን ነው፤ ፎቶዎቹ የሚሄዱትም ወደ እኔ ኢሜይል ነው።

“አጥፍቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ አይከፈትም” አለ። “ለእህቴ ግን እኔ ልነግራት አልፈልግም። ከእርስዎ አፍ ብትሰማው ይሻላታል። ዓርብ ኮምፒውተሩን አመጣላታለሁ፤ እስከዚያ ይንገሯት።”

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቢያስፈራራኝ፣ ዝም እንድል ይህን አድርግልኝ ቢለኝም እረዳው ነበር። እሱ የተጨነቀው እሷ ነገሩን እንዴት ብትሰማው እንደሚሻላት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አብሬአት ስኖር እኔ ያልተጨነቅኩላትን ያህል ሦስት ቀን ያያት ሰው ሲጨነቅላት አየሁ፤ ውስጤ ተቃጠለ። በእኔ መያዝ ሳይሆን በዚህ ነው የተቃጠልኩት። ያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ ምንም አልነገርኳትም። በማግስቱ እሱ ከመናገሩ በፊት እኔ ልቅደም ብዬ ወደዚህ ጣቢያ መጣሁ፤ ፕሮግራሙን የጫነው እሱ ነው ብዬም ቃል ሰጠሁ።

ፖሊሶች ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከሱቁ ሲያወጡት ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አይቻለሁ። ደንበኞቹ ፊት ነው የወሰዱት። አምባሩ ላይ ብሎኖች እንደተለጠፉ ነበር። ሱቁን የሚዘጋለት ሰው ብቻ ጠየቀ። እኔ ያን ጊዜ ደስ ብሎኛል። መርማሪው ይህ ለጉዳዩ አስፈላጊ እንዳልሆነና ሊዘለል እንደሚችል ነግሮኝ ነበር፤ እንዲጻፍልኝ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ ወሬውን ከእህቷ ሰምታ ጠበቀችኝ። የከሰስኩት እኔ መሆኔንም አውቃለች። ባዶው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ ነበር። አልጮኸችም።

“ማግኔት መጀመሪያ ቤታችን የመጣው ለምን ነበር?” አለችኝ።

ብራውዘሩ በራሱ እየተከፈተ ስላስቸገረሽ ነው አልኳት።

“ታዲያ እሱ ከመምጣቱ በፊት ብራውዘሩን የሚከፍተውን ነገር ያስገባው ማነው?”

መልስ አለመስጠቴ ራሱ መልስ ሆነላት። ከዚያ ስንት ጊዜ እንዳየኋት ጠየቀችኝ። በየቀኑ፣ አንድ ወር ያህል መሆኑን ነገርኳት። ምን አገኘህ አለችኝ። ምንም አልኳት።

“ምንም እንደሌለ ካየህ ለምን አላቆምክም?” አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ከትናንት ጀምሮ ሳስበው ቆይቼ እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም። ባለቤቴ ጥቂት ልብስና ሊታረሙ የመጡ ወረቀቶችን በቦርሳ አድርጋ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ዛሬ ጠዋት ወደ ጣቢያ ሂድ ያለኝ ሰው የለም። እሷም አላለችኝም።

ለዚህ ቃል ማስረጃ እንዲሆን ፕሮግራሙን ያመጣሁበትን ፍላሽና የኢሜይሌን የይለፍ ቃል ለመርማሪው አስረክቤአለሁ። ፎቶዎቹ መድረስ የጀመሩት የካቲት 9 ቀን መሆኑን፣ ማግኔት ደግሞ ቤታችን የደረሰው ከስምንት ቀን በኋላ መሆኑን ከዚያ ማረጋገጥ ይቻላል። ሐሰተኛ ቃል መስጠት በሕግ እንደሚያስጠይቀኝ መርማሪው ነግሮኛል፤ ተረድቻለሁ። ማግኔት ነጻ እንዲወጣና በሱቁ ደንበኞች ፊት ስሙን የማጸዳበት መንገድ ካለ እንዲነገረኝ እጠይቃለሁ።

ይህን ቃል በምሰጥበት ሰዓት ባለቤቴ ከዚህ ክፍል ውጭ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣለች። የመጣችው እኔን ብላ አይደለም፤ የሰውየውን መፈታት ልትጠብቅ ነው። ከአንድ ሰው ጋር ስትነጋገር ድምፅዋ ይሰማኛል፤ የምትለው ግን አይለይም። ከማን ጋር እንደሆነ ለማወቅ ቃሌን ሁለት ጊዜ አቋርጬ አዳምጫለሁ። በመጨረሻ በሩ እንዲዘጋልኝ መርማሪውን ለምኜው ተዘግቶልኛል።

ከላይ የሰፈረው ቃል ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም። ትናንትም እንዲሁ ብዬ ፈርሜ ስለነበር፣ በፊርማዬ ብቻ እመኑኝ አልልም፤ ያስረከብኩትን አይታችሁ ፍረዱ።

የቃል ሰጪው ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________

ቃሉ ሲነበብ የሰማ የጣቢያው መዝገብ ሹም ፊርማ ____________

ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ45