በእሾህ የተሰነጠቀ ቀጋ

(እናታቸው ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያው ጥር ነው፤ ደጀኔ ከግቢው አጥር ተነስቶ ጣሪያው ላይ የወጣውን ቀጋ ሊቆርጥ ገጀራ ይዞ ቆሟል፣ ጎረቤቱ የሆነችው ታላቅ እህቱ አየለች ደግሞ ግንዱን ተደግፋ መንገድ ዘግታበታለች።)

አየለች፦ አንተ፣ ገጀራውን አስቀምጥና እንደ ሰው አናግረኝ!

ደጀኔ፦ ዞር በይልኝ እታለም። ይቆረጣል ብያለሁ፣ ይቆረጣል።

አየለች፦ ምን አደረገህ? በጋ ከክረምት ቅጠሉ ሳይረግፍ ግቢውን አሳምሮ የኖረ ተክል!

ደጀኔ፦ ጣሪያዬ ላይ ወጣ። እሾሁም የአልጋነሽን ነጠላ ቀደደው።

አየለች፦ ለነጠላ ነው እንዲህ ፊትህ የጠቆረው? ሚስትህን ንገራት፣ ነጠላውን እኔ እሰፋላታለሁ።

ደጀኔ፦ ነገር አታንዛዢ።

አየለች፦ አንዛዛለሁ! ከወንዝ ዳር ያመጣችው እማዬ ናት። ቅርንጫፉን አጎንብሳ፣ አፈር አልብሳ፣ ሥር እስኪይዝ ድንጋይ ጭናበት ነው ያበዛችው። ልጅ ሆነህ ያ ሳል አላስተኛ ሲልህ ፍሬውን ከማር ጋር ቀቅላ ያጠጣችህ ማን ሆነና?

ደጀኔ፦ አውቃለሁ።

አየለች፦ ካወቅህ ለስመኝ ስትል ተወው። ልጅህ አያቷ ከሞተች ጀምሮ እህል አልቀምስ ብላ አጥንቷ ወጥቷል፤ አንተ መድኃኒቷን ልትቆርጥ ትነሳለህ?

ደጀኔ፦ የስመኝን ነገር አታንሺብኝ! አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ ቤታችንን የምታስፈራሪው?

አየለች፦ እኔ? ምን አድርጌ?

ደጀኔ፦ እያወቅሽ አትጠይቂኝ። በየማለዳው ስመኝ የምትተኛበት ክፍል መስኮት ላይ የቀጋ ፍሬ የምታስቀምጪውን ነው። ለልጄ ማሰብሽን አልጠላሁም። ግን ለምን እንደ እማዬ አድርገሽ ትሰነጥቂዋለሽ?

አየለች፦ እንደ እማዬ?

ደጀኔ፦ በወገቡ ነዋ! ሰው ሁሉ በቁመቱ ነው የሚሰነጥቀው። በራሱ እሾህ ወገቡን ዞራ፣ ውስጡ ያለውን የሚያሳክክ ጠጉር ከነዘሩ ባንድ ጊዜ የምታወጣው እሷ ብቻ ነበረች። አልጋነሽ የሞተ ሰው ነው የሚያመጣው ብላ መስኮቱ አጠገብ አትደርስም።

አየለች፦ ደጀኔ፣ እየቀለድክ ነው አይደል?

ደጀኔ፦ ፊቴን እዪው፣ የቀልድ ይመስላል?

አየለች፦ እኔ እኮ አንተ መስለኸኝ ነው።

ደጀኔ፦ ምኑ?

አየለች፦ የሚለቅመው። ጠዋት ስወጣ ዘሩና ጠጉሩ እዚህ ግንዱ ሥር ተቀብሮ አገኛለሁ። እማዬም ልጆች እንዳይነኩት ብላ እንደዚሁ ትቀብረው ነበር። ወንድሜ ለልጁ ብሎ የእናቱን ሙያ ተማረ ብዬ ደስ አለኝ። ቀብሯ ላይ አላለቀስክም ብዬ ተቀይሜህ ነበር፤ እሱንም ተውኩልህ።

ደጀኔ፦ እኔ እንደዚያ መሰንጠቅ አልችልበትም። ሞክሬ እሾሁ ተሰበረብኝ።

አየለች፦ እኔም አልችልበትም።

ደጀኔ፦ እታለም፣ ተይ።

አየለች፦ የእማዬ አጥንት ይፋረደኝ! ይኸው እጄ። ያን ጠጉር የነካ ሲያክ ነው የሚውለው። እስቲ ያንተን?

ደጀኔ፦ ይኸው።

አየለች፦ ጭረት እንኳ የለውም። አልጋነሽስ?

ደጀኔ፦ የቀጋው ስም ሲነሳ የምትንቀጠቀጠዋ?

አየለች፦ ቁረጠው።

ደጀኔ፦ ምን አልሽ?

አየለች፦ ቁረጠው! ከነሥሩ ንቀለው! እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እናቴን ፈራኋት። ስመኝን ከዓይኗ ብሌን አብልጣ ነበር የምትወዳት። ልትወስዳት ብትሆንስ የመጣችው?

ደጀኔ፦ እንዲህ አትበይ።

አየለች፦ ምን ትገተራለህ? ገጀራውን ስጠኝ፣ እኔው እጨርሰዋለሁ!

ደጀኔ፦ ቆይ። ያልነገርኩሽ አለ። ስመኝ ትበላዋለች።

አየለች፦ ምኑን?

ደጀኔ፦ ቀጋውን። ከእናቷ ተደብቄ የማቀብላት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላሰችው፣ ኋላ መዋጥ ጀመረች። ዛሬ ደግሞ ቅንጬ አምጡልኝ አለች፤ ሳህኑን ጠርጋ በላችው።

አየለች፦ እሰይ! ታዲያ ገጀራ ምን አስነሳህ?

ደጀኔ፦ በልታ ስትጨርስ፣ «አባዬ፣ እማማ እኮ መስኮቱ ጋ ቆማ ነው ያደረችው። እጇ በጣም ይቀዘቅዛል» አለችኝ። አንቺ የእማዬን ጋቢ ለብሰሽ የመጣሽ መሰለኝ። በልጄ ተጫወተችብኝ ብዬ ደሜ ፈላ።

አየለች፦ ጋቢው አብሯት ነው የተቀበረው።

ደጀኔ፦ አዎ፣ አሁን ትዝ አለኝ።

አየለች፦ እንግዲያ ምን ይሻለናል?

ደጀኔ፦ እንቺ፣ ገጀራውን አስገቢው። ስትመለሺ የእማዬን በርጩማ ይዘሽልኝ ነይ። መስኮቱ ሥር እናስቀምጥላት፤ ቆማ አትደር።